ብዙ ዕድሜ ያለው ፓስፖርት

ከቤቴ ፊት ለፊት የምትኖረው ልጅ ሻንጣ ገዝታለች። ትልቅ፣ ጎማ ያለው። በአንሶላ ጠቅልላ ነው ያስገባችው። በአንሶላ የተጠቀለለ ሻንጣ ምን ይመስላል ብትሉኝ፣ በአንሶላ የተጠቀለለ ሻንጣ ነው የሚመስለው። ደረጃው ላይ ተገናኘን። እኔ "ደህና ዋልሽ?" አልኳት፤ እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ እርስዎስ?" አለችኝ። ስለ ሻንጣው እኔ አልጠየቅኩ፣ እሷም አልነገረችኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዲህ ነው የምንከባበረው።

ወሬው ግን ደርሶኛል። እንዴት ደረሰሽ አትበሉኝ፤ ግድግዳው ስስ ነው። የሽርሽር መርከብ ላይ ክፍል ልታጸዳ ነው የምትሄደው። ሀብታሞች ከወደብ ወደብ እየዞሩ የሚበሉበትና የሚጨፍሩበት መርከብ አለ አሉ። መዋኛ ገንዳም አለው። ባሕር መሃል ተቀምጠው ገንዳ ውስጥ ይዋኛሉ። እሱን ለእነሱ እንተውላቸው።

እስቲ እናንተስ፣ ጉዞ ሲኖራችሁ ለማን ትናገራላችሁ? ለማንም! እኛ ስንታመም ለአገሩ እናወራለን፤ ስንጣላም ለአገሩ እናወራለን። ስንሄድ ግን ጭጭ። ሰው መሄዱ የሚታወቀው ደርሶ ስልክ ሲደውል ነው። አፍ እንዳይገባበት፣ ዓይን እንዳያርፍበት። በዚህ ልማዳችን እስቅ ነበር፣ እህቴን ባይወስድብኝ።

እህቴ አስካለ ትባላለች፤ ታላቄ ናት። ያኔ በንጉሡ ጊዜ አቃቂ የባቡር ከተማ ነበረች። ሰው ሰዓቱን የሚያውቀው በባቡሩ ጩኸት ነው። ባቡሩ ደግሞ በሰዓቱ አይመጣም፤ ስለዚህ አቃቂዎች ሁላችንም አንድ ላይ እናረፍድ ነበር። እኔና አስካለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንሠራለን። ባሏ ጋሽ ደምሴ ሐዲድ ጠጋኝ ነው። ከእነሱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው አቶ ሙሉጌታ ደግሞ አቃቂ ጣቢያ ትኬት ይቆርጣል። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው እሱን ሳይጠይቅ አይሄድም። የትኛው መርከብ መቼ እንደሚነሳ፣ ወደቡ ላይ ምን ምን እንደሚጠየቅ፣ ሁሉን ከእሱ ነው የሚሰማው።

አስካለ መጀመሪያ ልትሄድ ያሰበችው ኢየሩሳሌም ነበር፤ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ። ያኔ ምንም አልደበቀችም። ድግስ ደገሰች፣ ቄሱ መረቋት፣ የሰፈሩ ሰው እዚያ የሚጸለይለትን ስም ሁሉ አሸከማት። አቶ ሙሉጌታም ፓስፖርቷን ወደ ብርሃን አውጥቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና "ብዙ ዕድሜ አለው፣ አታስቢ" አላት። ልትሄድ ጥቂት ሲቀራት ደረቷን ይዛ ወደቀች። ልብ ነው ተባለ። ጉዞው ቀረ። ሰፈሩም "የሰው አፍ ነው የበላት" አለ። የማን አፍ እንደሆነ አልተነገረንም፤ ድግሱ ላይ አፉን ያልከፈተ ሰው አልነበረም። ፓስፖርቱም በነጠላ ተጠቅልሎ ሳጥን ገባ።

ዓመታት አለፉ። የአስካለ ልብ እየደከመ ሄደ፤ ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ሦስት አራት ጊዜ መቀመጥ ጀመረች። በመጨረሻ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አዘነላትና አገሩ ካለ ሆስፒታል ጋር ተጻጻፈ። ያለ ክፍያ ልቧን ቀደው ሊጠግኑላት ተስማሙ። አውሮፕላን ግን ለልቧ አይሆንም፣ በመርከብ ትሂድ አለ። አንዲት የሽርሽር መርከብ በጅቡቲ ታልፋለች፤ ወደ አገሯ የምትመለስ ነርስም አብራት ትሳፈራለች። "ፓስፖርት አለሽ?" ሲላት እህቴ ኮራ ብላ "አለኝ። ብዙ ዕድሜ አለው" አለችው።

ቤት ገብተን ሳጥኑን ከፈትን። እውነትም ቀኑ አላለፈም፤ ሦስት ወር ይቀረዋል። ሄዳ ለመመለስ ሁለት ወር ይበቃታል። ደመርን፣ ቀነስን፣ ይተርፋል አልን። ግን እርግጡን ማን ይንገረን? አቶ ሙሉጌታ ከግድግዳው ማዶ ሲያስል ይሰማናል። ጋሽ ደምሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሙሉጌታን ብንጠይቀውስ?" አለ።

"ምን በወጣኝ!" አለች አስካለ። "አንዴ አውርቼ ያገኘሁት ይበቃኛል። ድኜ ስመለስ እነግረዋለሁ።"

አሁን ጉዳችንን ስሙ። ከአቃቂ ብንሳፈር ትኬቱን የሚቆርጥልን ራሱ አቶ ሙሉጌታ ነው። ስለዚህ ምን አደረግን? ወደ ኋላ ተመልሰን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወጣን፤ ከለገሃር ተሳፈርን። እኔ እስከ ወደቡ ልሸኛት ነው። ባቡሩ ተነሳና የት ቢቆም ጥሩ ነው? አቃቂ! የገዛ ቤታችንን ቆርቆሮ በመስኮት እያየን፣ ነጠላችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበን፣ ወንበር ሥር ልንገባ ምንም አልቀረን። አቶ ሙሉጌታ ከቢሮው ወጥቶ በእኛ ፉርጎ በኩል መጣ። ልክ መስኮታችን ጋ ሲደርስ ዞር አለና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመረ። ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አልነቀለም። አስካለ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"አመለጥነው!" አለችኝ።

ጅቡቲ ደረስን። ሙቀቱን ተዉት። የመርከቧ ወኪል ፓስፖርቷን ገለጠ፤ ጣቱን ቀኑ ላይ አሳረፈና ራሱን ነቀነቀ። ነርሷ እየተረጎመች ነገረችን። የፓስፖርት ቀን አለማለፉ ብቻ አይበቃም። ተጓዡ ከሚመለስበት ቀን በኋላ ገና ስድስት ወር የሚሠራ መሆን አለበት። መርከቧ ብዙ አገር ስለምትነካ አንዱ ወደብ ፓስፖርቱን አልቀበልም ካለ ጣጣው ለመርከቧ ነው። ሄዳችሁ አሳድሱ አለን። የት? አዲስ አበባ። መርከቧስ? ነገ ትነሳለች። ነርሷ ለመነችው። እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ለእህቴ ወንበር አቀረበላት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣላት። መርከቧን ግን ከለከላት።

በማግስቱ ወደቡ ዳር ቆመን መርከቧ ስትሄድ አየን። ከላይ ያሉት ፈረንጆች ለማን እንደሆነ እንጃ መሐረብ ያውለበልባሉ። አስካለም እጇን አንስታ አውለበለበችላቸው። ዞሬ አለቀስኩ።

በመልሱ አቃቂ ስንደርስ መደበቅ ቀረ። ከባቡሩ ያወረዷት ተሸክመው ነው። ከተሸከሟት አንዱ አቶ ሙሉጌታ ነበር፤ ከየት መጣችሁ ብሎ አልጠየቀም።

ጋሽ ደምሴ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ፓስፖርቱን ሊያሳድስ ላይ ታች አለ። ፎቶው እሷን አይመስልም፣ አዲስ አምጣ አሉት። ፎቶ አንሺ ቤት ድረስ መጣ። እኔ ከጀርባዋ ተደብቄ ደግፌ ይዤአት፣ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ፎቶ ተነሳች። ፎቶው ላይ ትከሻዋ ጋ የሚታየው ጣት የእኔ ነው። ማህተሙ ተመታ፣ ለፓስፖርቱ ዓመታት ተጨመሩለት። የቀረው ሌላ መርከብ መምጣቱ ብቻ ነበር፤ እህቴ እሱን ስትጠብቅ ሞተች። ይበቃል ያልነው፣ አይበቃም የተባልነው፣ ፓስፖርቱ የሚያበቃበት የድሮው ቀን እንኳ ገና አልደረሰም ነበር። የፓስፖርቷን ዕድሜ ሁሉም ጠየቀ። የእሷን የጠየቀ የለም። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለቅሶው ላይ አቶ ሙሉጌታ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ምን እንደገጠመን ከጋሽ ደምሴ ሰምቷል። "አይቻችሁ ነበር" አለኝ።

"የት?"

"ባቡሩ ላይ። ከዚያም በፊት ሻንጣ ስታዘጋጁ ሰምቻለሁ። ከእኔ ከደበቃችሁት ምክንያት አላችሁ ብዬ እንዳላየ ሆንኩ። እንዳታፍሩ ብዬ ሰዓቱን አየሁ።"

"ስለ ስድስት ወሩስ ታውቅ ነበር?"

"እንዴት አላውቅም? ለሰው ሁሉ የምነግረው እኮ እኔ ነኝ! ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?"

"አንተስ ብትነግረን?"

ልሰድበው ብዬ ነበር፤ ግን እኔስ ከእሱ በምን እሻላለሁ? በአንድ ስስ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሆነን፣ እኛ እንዳይሰማን ስንንሾካሾክ፣ እሱ እንዳይሰማን ጆሮውን ሲደፍን፣ እህቴን አሳልፈን ሰጠናት። ሁላችንም ጨዋዎች ነበርን፤ በጨዋነታችን ማንም እንከን አያወጣልንም።

እና ያቺን በአንሶላ የተጠቀለለች ሻንጣ ካየሁ በኋላ እንዴት ዝም ልበል? ሄጄ የልጅቷን በር አንኳኳሁ።

"ልጄ፣ ፓስፖርትሽ ስንት ወር ቀረው?"

"የምን ፓስፖርት እማማ?"

"ለመርከቡ ነዋ!"

"የምን መርከብ? ኧረ እኔ የትም አልሄድም።" በሩን ዘጋችው።

በሩም እንደ ግድግዳው ስስ ነው። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ከዚያ "ወይኔ ጉዴ!" አለች።

አሁን ፓስፖርት ልታሳድስ ትመላለሳለች። የመጀመሪያው መርከብ አመለጣት፤ ለሚቀጥለው ጠብቂ ተብላለች አሉ። ለሕንጻው ሰው ምን ብላ ብትናገር ጥሩ ነው? "ያቺ አሮጊት አፏን ከታብኝ ነው!" ብላለች። ሰላምታም ነሳችኝ። በየጠዋቱ በሯን ጓ አድርጋ ትዘጋና ቀና ብላ ሳታየኝ ደረጃውን ትወርዳለች።

ትዝጋው። ያኔ አቶ ሙሉጌታ ግድግዳውን አንኳኩቶ ቢሆን፣ አስካለም ጉዞዬን አበላሸብኝ ብላ ታኮርፈው ነበር። አኩርፋው ታረጅ ነበር።