የግዙፎቹ ቀያዮች ነገር

በእኛ አገር እውነት መናገር አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከተናገሩት ሌላ ምንም እንዳልተናገሩ ማሳመን ነው። «ዛሬ ደመና ነው» ብትሉ ደመናው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። «በሬው አረጀ» ካላችሁማ አንድ ሽማግሌ ተቀይመው ከቤት ይቀሩባችኋል። መንዝ ደግሞ ለዚህ ነገር ጆሮው ቀጭን ነው፤ ሰው ዝም ቢል እንኳ ዝምታው ወደ ማን እንደተወረወረ ይመረመራል። እኔ ይህን እያወቅሁ ያደግሁ ነኝ። ታዲያ ምን ነካህ ብትሉኝ፣ ትምህርት አንዱን ሲያሳውቅ ሌላውን ያስረሳል።

የተማርሁት ሥነ ፈለክ ነው። በተለይ የደከምሁበት፣ ግዙፍ ቀይ ጋላክሲዎች በዘመናት ውስጥ እንዴት እየተለወጡ እንደመጡ ማጥናት ነው። ጋላክሲ ማለት የክዋክብት አገር በሉት፤ አንዱ ብቻ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮከብ ያድርበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሳወራ ሰው ያዛጋል። ቀየት ከተማ አጠገብ ባለው መንደራችን ሳወራው ግን ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

አባቴን ልጠይቅ በሄድሁበት ሰሞን የማኅበሩ ተራ የእርሱ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ሞላ። ከሁሉ በላይ የተቀመጡት አያ ሸዋፈራው ናቸው። ላስተዋውቃችሁ፤ በበራችን ጎንበስ ሳይሉ የማይገቡ፣ መደብ ላይ የሁለት ሰው ቦታ የሚይዙ፣ መልካቸው ቀይ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። መሬታቸው ግን ይወልዳል። በዙሪያቸው ጉልበቱ የደከመ ሁሉ ማሳውን ለእሳቸው በእኩል ይሰጣል፤ እሳቸው ያሳርሳሉ፣ ምርቱን ይካፈላሉ። በእኩል የገባ ማሳ ተመልሶ ሲወጣ ያየ ግን የለም። ያን ጊዜ በአጠገባቸው ሳይገባ የቀረው የአባቴ የገብስ ማሳ ብቻ ነበር። አባቴ ወገቡ እየታመመም «በቁሜ አልሰጥም» ባይ ነው፤ በዚህም የተነሣ ሁለቱ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ከሆነ ቆይቷል።

ጠላው አንድ ዙር እንደዞረ የደብራችን የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ፣ ወደ እኔ ዞረው ያን ሁሉ ዘመን ምን ስማር እንደኖርሁ ጠየቁኝ። እኔም ለአገሬ ሰው ይግባው ብዬ፣ ከፈረንጅ ቃል ጸድቼ፣ ጥርት ባለ አማርኛ ጀመርሁ። መጥፋቴም በዚሁ ጥራት ነው።

ከሁሉ የገዘፉት ቀያዮቹ ናቸው አልሁ። የቀሉትም ስላረጁ ነው፤ መውለድ ካቆሙ ዘመን የላቸውም።

መሪጌታ ጺማቸውን ያዝ አድርገው፣ «መውለድ ካቆሙ ታዲያ በምን ገዘፉ?» አሉኝ።

«በዙሪያቸው ያሉትን ትንንሾች እየዋጡ ነዋ» አልሁ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ የአድናቆት መሰለኝ። ሲናገር ጸጥ የተባለለት ሰው መቼ ጠርጥሮ ያውቃል? አባቴ ከጓዳ በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ሲጠቅሰኝ እንኳ ቀጥል ያለኝ መስሎኝ ነበር። መሪጌታ ግን ፊታቸው በራ። ድፍን ዕድሜያቸውን ያስተማሩት ቅኔ ባልጠበቁት አፍ ሲመጣላቸው ጊዜ አላስቻላቸውም።

«ሰሙንስ ሰማን፤ ወርቁስ?» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ወርቅ ከየት እንደሚገኝ የጠየቁኝ መሰለኝ። «ወርቁማ የሚገኘው» አልሁ ደስ እያለኝ፣ «ሁለት የሞቱ ኮከቦች ሲጋጩ ነው።»

አያ ሸዋፈራው ዋንጫቸውን ሳይጠጡ አስቀመጡት። አባቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ በርኖሳቸውን ሰብስበው ተነሡ። በሩ ላይ ጎንበስ እንዳሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ነገ ጠዋት ከአባትህ ጋር ቤቴ ትመጣለህ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ በጎቹ ትዝ አሉት፤ ቤቱ ባዶ ሆነ።

አባቴ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከፊቴ ተቀምጦ፣ «ሁለት የሞቱ ያልከው፣ አንዱ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ማን ነው? እኔ ነኝ?» አለኝ። ስለ ሰማይ ብቻ እንዳወራሁ ብምልለትም፣ በሰማይ ቀይ፣ ግዙፍ፣ መካንና ጎረቤት ዋጭ እንዴት እንደተገኘ ሊገባው አልቻለም። እውነቴን ነው፣ ሲዘረዝረው እኔም ራሴን ጠረጠርሁት።

ጎህ ሲቀድ የአባቴ ሐሳብ ወደ ቀየት ወርጄ መኪና እንድይዝ ነበር። ቦርሳዬን ካነሣሁ በኋላ ግን ያዘኝ። አንተ ብትሄድ ጥፋተኛ ነበር ይባላል፣ እኔም እዚሁ ነኝ አለ። ተያይዘን ወጣን። ዱላውን አነሣ፤ ለጠብ መጣ ይሉኛል ብሎ አጥር ላይ አስደገፋት፤ ጥቂት ሄደን ተመለሰና ደግሞ ያዛት። ጉሙ ወርዶ ስለነበር መንገዱን የምናውቀው በእግራችን ነው። አባቴ እየጸለየ ነበር፤ ከጸሎቱ የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው።

አያ ሸዋፈራው ከግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቢላዋ ይስላሉ።

ቀና ሳይሉ ተቀመጡ አሉን፤ ተቀመጥን። ቢላዋው ይሄዳል፣ ይመለሳል። «የትናንቱን ድገመው» አሉኝ። «ሳትቸኩል።»

ማንም እንዳላከኝ ምዬ ጀመርሁ። እነዚያ ግዙፎች በለጋነታቸው ተጣድፈው ብዙ ኮከብ እንደወለዱ፣ ኮከብ የሚረጋው ከቀዘቀዘ ጋዝ ስለሆነ፣ የእነሱ ጋዝ ሲግል መውለዱ እንደቀረ፣ ያሉት ኮከቦች እያረጁ ሲሄዱ መልካቸው እንደቀላ ነገርሁ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል።

«መውለዱ የቀረባቸው በጥፋታቸው ነው?» አሉኝ።

«የለም፤ ጥፋት የለባቸውም።»

ቢላዋው ቆመ። ፊታቸውን ሳየው ቁጣ አልነበረበትም፤ ለብዙ ዘመን ማንንም ሊጠይቁት ያልቻሉትን ነገር የጠየቁ ይመስሉ ነበር። ያን ጊዜ ከፍርሃቴ በላይ ሐፍረት ያዘኝ።

«የተዋጡትስ ይጠፋሉ?»

«አይጠፉም። ኮከቦቻቸው በግዙፉ ዳር ዳር ሰፍረው ያበራሉ። በጣም ከሩቅ የሚታዩትም እነዚያው ግዙፎቹ ናቸው።»

ይህ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ሁሉ ለመዋጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ጠየቁኝ። በሺህ ሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ነው አልኳቸው።

«ሰነፎች ናቸው» አሉና ቢላዋውን ይዘው ተነሡ።

አባቴ ክንዴን ጨመደደኝ። አያ ሸዋፈራው በእኛ አጠገብ አልፈው ወደ ጓሮ ሄዱ። እዚያ የታሰረ ሙክት እንደነበር የገባኝ ሲጮህ ነው። ለካ ሰውዬው ማታውን አስበውበት ኖሮ እንግዳ ነው የጠሩት!

በላን። ከሞት የተረፈ ሰው እንደሚበላው በላን። አባቴ ጎድኑን አጋምሶ ሳለ አያ ሸዋፈራው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ልጅህ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው፤ ወደ ሞፈር አይመለስም። ያንተም ወገብ አለቀ። ማሳውን በእኩል ላርስልህ» አሉት። አባቴ እኔን አየኝ፣ ቢላዋውን አየ፣ በእጁ የያዘውን ጎድን አየ። በሰው ቤት ሥጋ እየጋጠ እምቢ የሚል መንዜ ገና አልተወለደም።

«እሺ» አለ።

እኔ ያን ዓመት በጸጸት አለቅሁ። ግዙፎች ትንንሾችን እንዴት እንደሚውጡ ስጽፍ ኖሬ፣ በመጨረሻ አባቴን በአፌ አስዋጥሁት ማለት አይደል? አዲስ አበባ ተቀምጬ ስልክ ለመደወል እንኳ ፊት አጣሁ። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ጨክኜ ደወልሁ። አባቴ እንደሚለው ከሆነ፣ አያ ሸዋፈራው ያደረሱለት እኩሌታ እርሱ ብቻውን ሲያርስ ከሚያገኘው ሙሉ ምርት በልጧል፤ ወገቡም ተሽሎታል፤ ሰውዬውም እሑድ እሑድ እየመጡ ይጫወታሉ።

«እንግዲያው አልቆጨህም» አልሁት፣ ሸክሜ እየቀለለኝ።

«ምነው አይቆጨኝ» አለ። ልቤ ወረደ።

«ሳንዋጥ ያባከንነው ዘመን ይቆጨኛል።»