ከሥራ የተሰናበተችው ፊደል

ዕውቀት ብርሃን ናት፤ አቶ ጎይቶም ብርሃኗን ያገኟት በሦስት ቀን ሥልጠና ነበር። ስሙን ባንጠራው የማይቀየመን የአንድ የመቐለ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት እኚህ ሰው፣ ከእንግሊዝኛ ቃላት አጻጻፍ ሥልጠና የተመለሱት የምስክር ወረቀታቸውን በመስተዋት አስገጥመው፣ አንገታቸውንም ትንሽ አስረዝመው ነው።

ዕውቀቱ ሥራ ላይ የሚውልበት ጉዳይ ደግሞ ጠረጴዛቸው ላይ ይጠብቃቸው ነበር። የውሃ መስመሩ ለተበላሸበት ሰፈር አንድ የእርዳታ ድርጅት ሁለት መቶ ቱቦ እንዲሰጥ በእንግሊዝኛ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። ያረቀቀችውም የጻፈችውም ጸሐፊያቸው እታለም ናት። እዚያው ሰፈር ስለምትኖር፣ ጠዋት ጠዋት ጀሪካን የምትሸከምበት ትከሻዋ እያመማት ነበር የጻፈችው። ለኃላፊው የቀረው እንደ ወትሮው መፈረም ብቻ ነው።

እሳቸው ግን ቀይ እስክሪብቶ አነሡ።

«እታለም፣ 'ቲዩብ' የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ኢ ትነበባለች?»

«አትነበብም፣ አቶ ጎይቶም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

«እሷ ዝም ብላ ከፊቷ ያለውን ፊደል ታናግራለች። ካወጣናት 'ተብ' ይሆናል። ተብ ደግሞ ሳፋ ነው።»

«ራሷ ዝም ብላ ሌላውን የምታሠራ!» አሉ ኃላፊው ምርር ብለው። «በዚህ መሥሪያ ቤት ለስንፍና ቦታ የለም!»

ይህን ብለው እሷ የጻፈችውን በቀይ ሰራረዙት። ቃል የማይተነፍሱ ሃያ ሦስት ኢዎች በአንድ ጀንበር ከሥራ ተሰናበቱ። እታለም ደብዳቤውን እንደታዘዘችው ገለበጠችው። እንጀራዋ ነዋ! እሳቸውም ፈረሙ።

በወሩ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰማያዊ ሳፋ መጣ። ሁለት መቶ፣ አንድም አልጎደለም። አቶ ጎይቶም ቅንጣት ሳይደናገጡ ርክክቡን በንግግር ከፈቱ፦

«የውሃ መኖር ብቻውን ግብ አይደለም! ከውሃ በፊት የማስቀመጫ ዝግጁነት ይቀድማል!»

ተጨበጨበ። የሰፈሩ እናት ወይዘሮ ኣስካል ግን የደረሳቸውን ሳፋ ገልብጠው ግራ ቀኙን አዩት።

«ንግግሩስ ጥሩ ነው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። ውሃውስ? የተባለው ቱቦስ?»

«ቅድመ ዝግጅቱ ተጠናቋል፤ ውሃው በሂደት ላይ ነው።»

ይህን ጊዜ ሳፋውን ይዞ የመጣው የድርጅቱ ሠራተኛ ገዛኢ ግራ ተጋባ።

«ቱቦ ነበር እንዴ የፈለጋችሁት? እኔ'ኮ እዚሁ መቐለ የቀዳማይ ወያነ ሰፈር ልጅ ነኝ። ደብዳቤውን ያነበብኩትም የወሰንኩትም እኔው ነኝ። ሌላውን ቃል ሁሉ በግምት ነው ያለፍኩት፤ በደንብ የገባችኝ ሳፋዋ ብቻ ነበረች። ምነው በትግርኛ ወይ በአማርኛ ብትጽፉልኝ?»

እታለም ወደ አለቃዋ ዞረች። ሳፋቸውን የታቀፉት እናቶችም ዞሩ። አቶ ጎይቶም ክራቫታቸውን አጠበቁ።

«ወንድሜ» አሉ፣ ለገዛኢ አላዋቂነት ከልባቸው አዝነው፤ «ይህን የሚያህል ከባድ ጉዳይ እንዴት በሚገባን ቋንቋ ይጻፋል?»