ምክንያቱ ሩቅ አይደለም

ሰው የሰው ቤት ሲመጣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ጨዋ ከሆነ ማለቴ ነው። ጨዋ ካልሆነ ውሻው ይነግራችኋል። «ቤቶች» የምትለዋ ቃል በራሷ የምትናገረው ነገር የላትም፤ ማን እንደ መጣ፣ ለምን እንደ መጣ፣ ምሳ በልቶ ይሁን ሳይበላ አትገልጽም። ግን የቤቱ ጌታ ጋቢውን እንዲያስተካክል፣ መደቡ ላይ የተጋደመውን ልጅ እንዲያስነሣ፣ ፊቱንም ወደ በሩ እንዲያዞር ጊዜ ትሰጠዋለች። እንግዳው ሲገባ ማንም አይደነግጥም።

የእንግሊዝ ጸሐፊዎችን የምወዳቸው በዚህ ነው። አንድን ነገር ሊያብራሩላችሁ ሲፈልጉ ማብራሪያውን እንደ ጎርፍ አይለቁባችሁም። መጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «ይህም ማለት» ይላሉ። «በሌላ አነጋገር» ይላሉ። «እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው» ይላሉ። እነዚህ አባባሎች ከአባት ለልጅ እንደሚተላለፍ የቤት ዕቃ ናቸው፤ አዲስ የሚሠራቸው የለም፣ ያረጁም አይባሉም። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን «ምክንያቱ ሩቅ አይደለም» የሚለውን ነው። አንባቢውን እጁን ይዞ፣ «አይዞህ፣ ብዙ አናስኬድህም፣ እዚሁ ማዶ ነው» እንደሚል ደግ መንገደኛ ያለ አነጋገር ነው።

ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ቀን ከነዚሁ አባባሎች መካከል «መናገር አያስፈልግም» የሚለውን ለተማሪዎቼ ጻፍኩላቸው። ጸሐፊው መናገር አያስፈልግም ካለ በኋላ ወዲያው ይናገራል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «መምህር፣ ካላስፈለገ ዝም አይልም?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ሳስበው ነገሩ የሚያስቅ አልሆነልኝም። ከአንባቢዎቹ መካከል የሚያውቅም የማያውቅም አለ። ጸሐፊው ለሁሉም «ታውቁታላችሁ» ብሎ ይነግራቸዋል፤ የማያውቀው ሳያፍር ተምሮ ይሄዳል። ሰውን ሳያዋርዱ ማስተማር ከዚህ በላይ የት ይገኛል?

እኛም ጨርሶ ባዶ አይደለንም። በልጅነቴ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት በመጽሐፍ ትርጓሜ ጉባኤ ዳር ተቀምጬ አድምጫለሁ። የኔታ አንዱን ቃል ያነቡና «ምነው ቢሉ» ይላሉ። ማንም ምነው አላላቸውም። እሳቸው ግን ተማሪው ሊጠይቅ ፈርቶ የዋጠውን ጥያቄ ከጉሮሮው አውጥተው ራሳቸው ይጠይቁለታል፤ ራሳቸውም ይመልሱለታል። ይህን የመሰለ ሸጋ ነገር ይዘን ሳለ ግን መሥሪያ ቤት ስንገባ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትተነው እንገባለን። መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉት «ሆኗል»፣ «ተብሏል» እና «አልተቻለም» ናቸው። «ቤቶች» የሚል የለም። ውሻው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ እናገራለሁ።

አዲስ አበባ ኮሌጅ በነበርኩበት ጊዜ ከክፍላችን አንድ ሰው እንግሊዝ አገር ሄዶ የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ እንዲማር ተወሰነ። በትምህርቱ አንደኛ እኔ ነበርኩ። ትሄዳለህ ተባልኩ። የእንግሊዝ ብርድ አጥንት ይሰብራል ስላሉኝ ወፍራም ሹራብ ገዛሁ። የሄደው ግን ጌታሁን ነው። ጌታሁን የክፍል ጓደኛዬ፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በትምህርቱ ከኔ ብዙ ራቅ ብሎ የሚከተል፣ አጎቱ ሲያልፉ ሹማምንት ከወንበራቸው የሚነሡላቸው ሰው ነው። ጉዳዩን ወደያዘው ኃላፊ ሄጄ ምን እንደ ተፈጠረ ጠየቅሁ። «እንዲህ ሆኗል» አለኝ። ለምን አልኩት። «ሆኗል አልኩህ እኮ» አለና ሌላ ሰው አስገባ።

ቦታውን ማጣቴ አንድ ነገር ነው። እኔን ዓመታት ሙሉ ያንገበገበኝ ግን ከ«ሆኗል» ቀጥሎ መምጣት ሲገባው ያልመጣው ነገር ነው። ሰውዬው «ይህም ማለት» ብሎ አንዲት ውሸት እንኳ ቢነግረኝ ኖሮ ሰው ቆጥሮኛል እል ነበር። ወደ ጎንደር ተመልሼ አስተማሪ ሆንኩ። ሹራቡን ደባርቅ ስወጣ እለብሰዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አያ ደምሌ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ድብ ባሕር ገበሬ ናቸው። ጣልያን ከጎንደር በደባርቅ በኩል መንገድ ሲያወጣ የተወውን ጥምዝ እናቅናው ብለው መሐንዲሶች መጡና የዘረጉት ገመድ በአያ ደምሌ አውድማ መካከል አለፈ። ሜዳ አገር ያደጋችሁ «ምን ቸገራቸው፣ ሌላ ቦታ ይውቁ» ትሉ ይሆናል። በዚያ ተዳፋት አገር ሜዳም የሆነ፣ ነፋስም የሚያገኝ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም አውድማ በአንድ ቀን አውድማ አይሆንም። የአያ ደምሌን አውድማ አያታቸው ደልድለውት፣ አባታቸው በእበት ለቅልቀውት፣ በየዓመቱ የበሬ ኮቴ ጠቅጥቆት እንደ ድንጋይ ሆኗል። እሱ ከሄደ የዓመቱን አዝመራ የሚወቁበት የላቸውም፤ ያለ አውድማ የቀረ ገበሬ ደግሞ የሰው አውድማ ሲለምን ዝናብ ይቀድመዋል።

አያ ደምሌ ጎንደር ድረስ መጥተው ነገሩን ነገሩኝ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ራሱ ቦታውን አይቶ ሊወስን ይመጣል። መሥሪያ ቤቱ የራሱ አስተርጓሚ እንዳለው ብነግራቸው፣ «የነሱ አፍ የነሱ ነው። ምነው፣ ላንተ ትምህርት በሬ የሸጥነ ለዚህ ቀን አልነበረም?» አሉኝ። ሄድኩ።

በቀኑ ማኪናዋ መጥታ ቆመች። ረጅሙ እንግሊዛዊ ወረደ። ከኋላው አስተርጓሚው ወረደ። ጌታሁን ነበር።

ትንሽ ወፍሯል። አንገቴን አቅፎ ደጋግሞ ሳመኝ፤ እኔ ጉንጬን እንደ ሣንቃ ሰጠሁት። አያ ደምሌ የሳመኝን ሰው ማንነት ሲጠይቁኝ «አብረን ተምረናል» ብዬ አለፍኩ።

ውቂያው ተጀምሮ ነበር። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ምርቱ በመካከል ተከምሯል፣ ገለባው ወደ ዳር ተገፍቷል። አውድማ በጫማ አይገባምና ሁላችንም ዳር ላይ ጫማ አወለቅን። እንግሊዛዊው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ቁጭ ብሎ ቦቲውን ፈታ። የካልሲው ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ ነበር። መንሽ የያዙት ሰዎች ያቺን ጣት አይተው ወደዱት።

መሐንዲሱ አውድማው መሐል ቆሞ ጠየቀ፤ ከዚህ ቦታ በዓመት ምን ያህል እህል ይወጣል? ቦታው ቢወሰድ ሰውየው የሚያጣው ምንድን ነው? የአያ ደምሌ አፍ እኔ ነኝና እኔ ተረጎምኩ።

አውድማ ዳር ላላደጋችሁ ልንገራችሁ። አውድማ ላይ ምርት አይጠራም። ስንት ሆነ አይባልም፣ በዛ አይባልም፣ እህሉ እንኳ በስሙ አይነሣም። በረከት ስሟን ስትሰማ ትሸሻለች። የሚጠይቅ ሰው ወይ ባለጌ ነው ወይ ዓይኑ መጥፎ ነው። አያ ደምሌ መሐንዲሱን አዩት፣ ክምሩን አዩት፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣

«ምንም የለበት። ገለባ ነው» አሉ።

ምን ላድርግ? የተባለውን ተረጎምኩ። ምንም የለበትም፣ ገለባ ነው ይላሉ አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን እኔም እዚያው አውድማ ላይ በባዶ እግሬ የቆምኩ የዚያ አገር ልጅ ነኝ። እንግሊዝኛውን አፌ ላይ ያኖረው ኮሌጁ ነው፤ ልጓሙን ያሰረልኝ አውድማው ነው። «ክምሩ ያ ሁሉ እህል ነው» ልል ከንፈሬ ተላቅቆ ተመልሶ ገጠመ። በረከት እንግሊዝኛ አትሰማም ብዬ ማሰብ ይገባኝ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ትሰማለች ብዬ ፈራሁ።

የመሐንዲሱ ፊት ፈታ አለ። የሚጠፋ ነገር ከሌለማ ነገሩ ቀላል ነው። ገመድ ያዦቹ እንዲቀጥሉ ሊያመለክት እጁን አነሣ።

«በሌላ አነጋገር» አለ ጌታሁን በእንግሊዝኛ።

ብሎም ዝም አለ። እኔ ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ማለቱ ነው። እንግሊዛዊው እጁ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ፊቱን አዞረ፤ የሚመጣውን እንግዳ መጠበቅ ግድ ሆነበት።

«በሌላ አነጋገር፣ አውድማው ሙሉ ነው። የዚህ አገር ሰው ሙሉ ሲሆን ሙሉ ነው አይልም። ይህም ማለት፣ ባዶ ቢሆን ኖሮ ባዶነቱን እያለቀሰ ይነግርህ ነበር።»

መሐንዲሱ ክምሩን አየ። ነፋሱን በፊቱ ለካ። ተዳፋቱን ቁልቁል አየ፣ ሽቅብ አየ። ከዚያም ገመዱ ከአውድማው በላይ እንዲዞር አዘዘ። ጥምዙ እንዳለ ቀረ። ማኪና ዛሬም እዚያ ጋ ሲደርስ ይጠመዘዛል።

ጌታሁን ይህን ከየት እንዳወቀ ኋላ ነገረኝ። ትክል ድንጋይ በሚባል አገር አንዱን ገበሬ አውድማው ላይ «ስንት አገኘህ?» ብሎ ጠይቆ በመንሽ ተባሯል። ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ሳያገኝ አላደረም፤ መንገደኛውን ሁሉ ጠየቀ። እኔ ጠይቄ የማላውቀውን ጠይቆ ተማረ። ያ የእንግሊዝ አገር የትምህርት ቦታ ባክኗል ማለት ያቃተኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እውነት ነው፣ ቢመረኝም እውነት ነው።

አያ ደምሌ ግን እንግሊዝኛ አያውቁምና ምስጋናው ሁሉ ወደኔ መጣ። «አፍህ ይባረክ፣ ሸጋ አርገህ ተናገርህ» አሉኝ። የተናገረው እሱ ነው ብላቸው፣ «እሱማ ኋላ መጥቶ ሁለት ቃል ነው የጣለ» ብለው ሳቁብኝ። በሬያቸው ከንቱ አልቀረም።

ጫማችንን ልናደርግ አውድማው ጠርዝ ላይ ቁጭ ስንል ጌታሁን አጠገቤ ተቀመጠ። ክሩን እያሰረ፣ ሳያየኝ፣ «ያኔ እኔ የሄድኩበት ነገር...» ብሎ ጀመረ። ቀጥሎም በእንግሊዝኛ፣ «ምክንያቱ ሩቅ አይደለም» አለ። ልቤ ደጁን ሊከፍት ተነሣ።

«አጎቴ ተናገረልኝ። ቦታው ያንተ ነበር።»

ይኸው ነው። ዓመታት ስጠብቀው የነበረው እንግዳ ይህን ያህል አጭር ነበር። ለዚያ ቀን ብዬ በሁለት ቋንቋ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ። ጌታሁን ክሩን አስሮ ጨርሶ፣ ቂም ይዤበት እንደሆነ ጠየቀኝ።

እኔ ገና ባዶ እግሬን ነበርኩ፤ ተረከዜም ከአውድማው አልወጣም።

«ምንም የለበት» አልኩት። «ገለባ ነው።»

እሱም የአገሩን ነገር ስለ ተማረ ክምሩን አየት አድርጎ፣ ራሱን ነቀነቀና ሁለተኛ አልጠየቀኝም።