ፊቷን ወደ መውጫ ያዞረችው መኪና

(ከሎስ አንጀለስ በላይ፣ ጥሻ በዋጠው ተራራ ላይ። ጋሼ ሰይፈሥላሴና ዳኜ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ናቸው፤ እሳት ሲነሳ መኪና የሚገባባቸውን የአቧራ መንገዶች ሊያጠኑ መጥተዋል። አለቃቸው ካፕቴን ሰርካዲስ የመኪናዋን ሾፌር የምትመርጠው ዛሬ ነው። ጋሼ ሰይፈ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋልና፣ ምርጫው ለወጉ ያህል ነው ባይ ናቸው። ዳኜ የፓርኪንግ ሎት ሠራተኛ ነው፤ አስር ጊዜ ወደፊት፣ አስር ጊዜ ወደኋላ እያለ መኪናዋን አዙሮ ወረደ።)

ጋሼ ሰይፈ፦ ጨረስክ? ወይስ አንድ ዙር ይቀርሃል?

ዳኜ፦ ጨረስኩ ጋሼ። ፊቷን ወደ መውጫ አደረግኳት።

ጋሼ ሰይፈ፦ ማን ሊወጣ? ገና አሁን መግባታችን ነው!

ዳኜ፦ የገባ መውጣቱ አይቀርም ብዬ ነዋ። ሎታችን ውስጥ እንደዚህ ነው ፓርክ የምናደርገው።

ጋሼ ሰይፈ፦ ይሄ ሎት ነው? ቲኬት የሚቆርጥልህ ጥንቸል ነው? ቁልፉስ?

ዳኜ፦ መኪናዋ ላይ።

ጋሼ ሰይፈ፦ (ራሳቸውን ይዘው) ኦ ማይ ጋድ! ቢሰርቋትስ?

ዳኜ፦ (ግራ ቀኙን አይቶ) እነማን?

ጋሼ ሰይፈ፦ ስማ! ፌርፋክስ መንገድ ላይ ላለ ሐበሻ ሁሉ "ሾፌሩ እኔ ነኝ" ብዬ አውርቻለሁ። ባንተ ጥፋት ብባረር በየትኛው ፊቴ ሬስቶራንታቸው እገባለሁ?

ዳኜ፦ በጓሮም በር አላቸው ጋሼ።

(ሬድዮው ተንጫጫ። ካፕቴን ሰርካዲስ ናት፤ ከማዶ ጉብታ ላይ ሆና በመነጽር ታያቸዋለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና አንቱታ አልለመደባትም።)

ሰርካዲስ፦ ጋሼ፣ መኪናዋን እንደዚህ ፓርክ ያደረጋት ማነው?

ጋሼ ሰይፈ፦ (ሬድዮውን ቀምተው) ዳኜ ነው! እኔ የለሁበትም! ቁልፉንም እላይዋ ላይ የተወው እሱ ነው! ብዬዋለሁ፣ ኧረ ብዬዋለሁ!

ሰርካዲስ፦ ቁልፉንም? ፐርፌክት! ንፋሱ ዞሮ እሳት ቢመጣባችሁ ዘሎ ገብቶ መውጣት ነው እንጂ መኪና ማዞሪያ፣ ቁልፍ መፈለጊያ ጊዜ የለም። ከበጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ ይሄን ያደረገ እሱ ብቻ ነው። ሶ፣ ሾፌሩ ዳኜ ነው።

ጋሼ ሰይፈ፦ (ድምፃቸው ሰልሎ) ሰርካዲስዬ... አዙራት ያልኩት እኮ እኔ...

ሰርካዲስ፦ የለሁበትም ነው ያልከው ጋሼ። ኦቨር!

(ጋሼ ሰይፈ ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ። የፌርፋክስ ሰው ሳቅ ከወዲሁ ተሰማቸው። እንዲያ ሲሆኑ አንጀት ይበላሉ።)

ዳኜ፦ አይዘኑ ጋሼ። ፌርፋክስ ልንደርስ አንድ የትራፊክ መብራት ሲቀረን መሪውን እሰጥዎታለሁ።

ጋሼ ሰይፈ፦ (ቀና ብለው) እውነትህን ነው?

ዳኜ፦ እውነቴን ነው። ፓርክ ማድረጉን ግን ለእኔ ይተዉልኝ።