ባቡሩ በሁዳዴ ቅቤ ቅቤ የሸተተ ለት

እናንተዬ፣ ዛሬ «ለገሃር የቆመው ባቡር ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተ» የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ የገጠማችሁ አላችሁ?

መጨረሻው ላይ ቱታ ለብሳ ከባቡሩ ጎማ ኋላ ለመደበቅ የምትታገል ሴትዮ አለች አይደል?

እኔ ነኝ።

ሽታውም የኔ ሥራ ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው የመጣሁት።

ለማታውቁኝ፣ ሶስና እባላለሁ። ኡራኤል አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ግን ቱታዬን አጥልቄ፣ ለገሃር ግቢ ውስጥ ዝገት የበላውን የእንፋሎት ባቡር ከሚጠግኑ በጎ ፈቃደኞች ጋር እውላለሁ። ባቡሩን እንደገና አስነስተን በሀዲድ ላይ ማስኬድ ነው ሕልማችን። ስጀምር ብሎንና ዳዶ የማልለይ ሰው ነበርኩ። ጓደኞቼ «በዚህ ጊዜ ባል ብትፈልጊበት አይሻልም?» ይሉኛል። በቃ ተዉኝ፣ ምክንያት አለኝ።

ምክንያቴ እማዬ ናት።

እማዬ ያደገችው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። አባቷ፣ ማለቴ እኔ በፎቶ ብቻ የማውቀው አያቴ፣ ባቡር ነጂ ነበር። ከድሬዳዋ ሲመለስ ገና ጣቢያው ሳይደርስ ፊሽካውን ይነፋል። ልጆቹ ያንን ሲሰሙ የያዙትን ጥለው ወደ ሀዲዱ ይሮጣሉ። እማዬ ይህን ስታወራ ዛሬም ጫማዋን የምትፈልግ ይመስላል።

አግብታ ካዛንቺስ ገባች፣ እኛን እዛ ወለደች። ካዛንቺስ ቤታችን ሲፈርስ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ጎረቤቶቿ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሄዱ፣ ዕድሯ ተበተነ። እማዬ አንድ ቀን እንኳን ስለ ቤቱ አላለቀሰችም። ብቻ አንድ እሁድ ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣች ከመሬት ተነስታ «ያ የአባዬ ፊሽካ እንዴት ናፈቀኝ» አለች።

ጆሮዋ ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው። ጭራሽ ሳይዘጋ አንዴ ላሰማት ብዬ ተመዘገብኩ። ሌላ ምንም የተቀደሰ ዓላማ የለኝም።

የቡድናችን አለቃ ጋሽ ኃይሉ ይባላሉ፤ ባቡር ጋራዥ ውስጥ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሲቆጡ በፈረንሳይኛ ነው፣ ሲደሰቱም በፈረንሳይኛ ነው። እኔን «ማዳም» ይሉኛል። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ ሲያሾፉብኝ ነው።

ዛሬ እንግዲህ ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ እንፋሎት ሊንቀሳቀስ ነበር። አንድ ሥራ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጎማውን የሚገፋው ዘንግ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ ወፍራም ገመድ ይጠቀጠቃል። ገመዱ ደግሞ አስቀድሞ በስብ ይለወሳል። ጋሽ ኃይሉ የዘመኑን ግሪስ መስማት አይፈልጉም፤ «ደንቡ ሞራ ነው፣ የበሬ ሞራ» አሉ። እንድገዛ የተላክሁት እኔ።

በሁዳዴ!

እስቲ አስቡት፣ በዐቢይ ጾም ሞራ ፍለጋ ቂርቆስን መዞር። የማውቃቸው ሥጋ ቤቶች በሙሉ ተጠርቅመዋል። አንዱን ባለቤት ደጁ ላይ ቆሞ አግኝቼ ብጠይቀው፣ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «እህቴ፣ ፋሲካ ይደርሳል፣ ታገሺ» አለኝ። የሙስሊም ሥጋ ቤት አልነበረም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረ። አሁን እናንተ ስትሉ ነው ትዝ ያለኝ።

ዛሬ ጠዋት ባዶ እጄን ልወጣ ስል ዓይኔ ወጥ ቤት ቁምሳጥን ላይ አረፈ። የእማዬ የተነጠረ ቅቤ። ለፋሲካ ዶሮ ብላ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን አስገብታ ያነጠረችው፣ እኛ ቤት ማንም ክዳኑን የማይነካው ቅቤ።

ሞራ ከከብት ነው። ቅቤም ከከብት ነው። ስብ ደግሞ ስብ ነው አልኩ።

ዲግሪ አለኝ እኮ።

በፌስታል ጠቅልዬ ወሰድኩት። ገመዱን በደንብ ለወስኩና በገዛ እጄ ጠቀጠቅኩት። ጋሽ ኃይሉ ጉንፋን ይዟቸው አፍንጫቸው ድፍን ብሏል፤ ሌሎቹ እሳቱ ጋ ተጠምደዋል። አለቃዬ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና «ቮያላ፣ ማዳም» አሉኝ፣ በቃ ሆነ እንደማለት። ኮራሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ኮራሁ።

እንግዶች መጡ። አብዛኞቹ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰቦች ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ ተደረደሩ። እማዬን ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። የምታወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መቼ ነው የሚነፋው?» ትለኛለች። ጎማው ዞር ሲል፣ ከዛ ይነፋል እላታለሁ። ቆይታ ደግሞ ትጠይቀኛለች።

እሳቱ ነደደ፣ ውሃው ፈላ፣ እንፋሎቱ ሞላ። ጋሽ ኃይሉ ወደ መንጃ ክፍሉ ወጥተው «አቶንሲዮን!»፣ ተጠንቀቁ እንደማለት ነው፣ አሉና እንፋሎቱን ወደ ጎማዎቹ ለቀቁት።

ፍስስስስስ።

ባቡሩ ንቅንቅ አላለም። ቅቤው ሙቀት ሲነካው ቀልጦ ወጥቷል፣ እንፋሎቱም በገመዱ መሃል ሾልኮ እንግዶቹ ላይ ተበተነ። ቀጥሎ ሽታው መጣ።

ሰዎች፣ የጾሙ አጋማሽ ነው! ያ ሁሉ ሰው በሽሮና በጎመን ነው የከረመው። በአንድ ጊዜ ግቢው የፋሲካ ጠዋት ሆነ፣ ያውም ከብረት ውስጥ። አንዲት እናት አማተቡ። አንድ አባት ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ሲስቡ ባለቤታቸው በክርናቸው ደቆሷቸው። ከኋላ አንዱ «ማሽተት ያስገድፋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እየቀለደ አልነበረም።

ምንም ያልሸተታቸው ጋሽ ኃይሉ ብቻ ናቸው። «ምንድነው? ምን ሆናችሁ?» ይላሉ ከላይ።

እማዬ ብድግ አለች። ጆሮዋ ደከመ እንጂ አፍንጫዋ አልደከመም። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ባቡሩ ሄደች፣ ጠጋ ብላ አሸተተች። ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ በሹክሹክታ አያወራም።

«የኔ ቅቤ ነው።»

ደግማ አሸተተች።

«ኮሰረቱ ራሱ የኔ ነው። አንቺ ሶስና!»

ስልኩ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ጎማው ኋላ የገባሁት ያኔ ነው። ከዛ በኋላ ያለውን ሳቅ ቪዲዮው ላይ ሰምታችሁታል።

ቪዲዮው ላይ የሌለው ይሄ ነው። ጋሽ ኃይሉ እንፋሎቱን ዘግተው እሳቱ ተጠርጎ እንዲወጣ አዘዙ። እኔ ከተደበቅኩበት ወጥቼ መሰላሉ ሥር ቆምኩ። ፊሽካ ለመንፋት የሚበቃ እንፋሎት እንዳለ አውቃለሁ። «ጋሽ ኃይሉ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አንዴ ብቻ ይንፉላት» አልኳቸው። «ለሷ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የመጣሁት።»

አሁን ግን ማዳም አላሉኝም።

«ልጄ፣ ፊሽካ ማለት መጣሁ ማለት ነው። ያልተንቀሳቀሰ ባቡር አይነፋም። እኛ ዘንድ ነውር ነው።»

ልጨቃጨቃቸው አፌን ስከፍት እማዬ ከኋላዬ ደርሳለች። ምን እንደተባለ ጮክ ብዬ ነገርኳት። «ልክ ናቸው፣ አባዬም ቢሆን አይነፋም ነበር» አለች። ወደ ላይ ቀና ብላ ደግሞ «ለጉንፋንዎ ዳማከሴ ይጠጡበት» አለቻቸው።

ከሳቁ ሁሉ ይልቅ አንጀቴን የበላኝ ያ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታክሲ ተሳፈርን። ደምበል ጋ ትራፊክ ይዞን እንጎተታለን። እማዬ በመስኮት ታያለች። «ይቅር በይኝ እማ» አልኳት። ወይ አልሰማችኝም፣ ወይ መስማት አልፈለገችም።

ከዛ አፏን ከፈተች።

መጀመሪያ ቀጠን ያለ፣ እየቆየ የሚወፍር፣ መጨረሻው ላይ ሰበር ብሎ የሚወድቅ ረጅም ድምፅ። ቀጥሎ አጭር። ደግሞ ረጅም። ምን ያህል እየጮኸች እንደሆነ ለሷ አይታወቃትም። ተሳፋሪው በሙሉ ዞረ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ።

«እናት፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም ልጄ። አባቴ እየገባ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሹፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰው። እማዬ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፣ የምታየው ግን ደምበልን አልነበረም። ያንን ባቡር ስፍቅና ስቀባ ከርሜ ድምፁ ምን እንደሚመስል ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አያቴን አላውቀውም፣ ግን እዛ ታክሲ ውስጥ ናፈቀኝ። የማያውቁት ሰው እንዲህ ይናፍቃል እንዴ?

«እንዲህ ነበር» አለችኝ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ እማ።»

አሁን ቤት ነን። እሷ ምስር እየለቀመች ነው፣ እኔ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ለማላውቃችሁ ሰዎች ሌብነቴንም ጅልነቴንም ዘርግፌያለሁ፣ ቅንጣት አላፈርኩም። እናቴን «አንዴ ድገሚልኝ» ማለት ግን አፈርኩ። አሁን ጮክ ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ሻይ ላፍላልሽ?» ሆኖ ወጣ።

ሻዩን ጠጥተን ጨርሰናል። አሁንስ ምን ብዬ ልጀምር?