የመስጊዱን በር የመሰለው ሞተር

ቀለም ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚማሩትና የሚቀቡት። የሚማሩት ለእኔ አልደረሰኝም፤ ፊደል ሳልቆጥር አረጀሁ። የሚቀቡት ግን ደርሶኛል። እናንተም አሮጌ ነገር አሳምራችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ፣ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ስሙኝ። ብዙ አላወራም።

ሞተሬ ቀይ ነበር። ቀይ መሆኑን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ቀለሙን ፀሐይና ዝገት ተካፍለውታል። ከሐርቡ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲያመላልሰኝ ኖሮ፣ እሱ ሳይደክም የኔ ጉልበት ቀደመው። ልሽጠውና ለዘሃራ ላም ልግዛላት አልሁ። ዘሃራ ሚስቴ ናት፤ ላሟን ቃል የገባሁላት ጥርስ እያለኝ ነው።

ደላላው ዞሮ ዞሮ አየው። "አባ ሰይድ፣ ቀለም ቢጤ ያስነኩት፤ ዋጋው ይነሳል" አለኝ። ጋራዥ ብጠይቅ የማስቀቢያው ከሞተሩ ሊተካከል ምንም አልቀረው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ሰኞ ገበያ ወጣሁ። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሥር ተበጥብጦ የተረፈ አንድ ጣሳ አወጣ፤ ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ በግማሽ ዋጋ። ከማን የተረፈ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ርካሽ አግኝቶ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው እስካሁን አላየሁም።

በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፤ በብሩሽ ቀባሁት። ታንከሩን፣ ፓራፋንጎውን፣ የመስታወቱን ዘንግ ሳይቀር። ዘሃራ ወጥታ አየችው። "ማሻአላህ!" አለች። ቆየት ብላ ደግሞ "ይኸን ነገር የት ነው የማውቀው?" አለች።

መልሱን ገበያ ላይ አገኘሁት። የመጀመሪያው ገዢ ገና ከሩቅ ቆመ። "አስተግፊሩላህ! የመስጊዱን ሞተር ነው የሚሸጡት?"

ከሐርቡ ሲመጡ መንገድ ዳር ያለውን መስጊድ ታውቁት ይሆናል። በሩም፣ የሰደቃ ሳጥኑም ሰሞኑን ታድሰዋል። በእኔ ቀለም።

"ወላሂ፣ የራሴ ነው" አልሁት።

"ይሁን አባባ። እኔ ግን የአላህን ንብረት ከደላላ አልገዛም" ብሎ ሄደ።

ቀጥሎ አንድ የሐርቡ ክርስቲያን መጣ። ጎማውን ረገጠ፣ አስነሳው፣ ወደደው። ደላላው እጁን ማሻሸት ጀመረ። "እኔስ ባልፈራ" አለ ሰውየው፣ "አማቴ ሐጂ ናቸው። በዚህ ተቀምጬ ደጃቸው ብደርስ ምን ይሉኛል?"

ደላላው ወደ እኔ ዞሮ "ቀይ ሳለ እንኳ ጠያቂ ነበረው" አለኝ። ቀቡት ያለኝ እሱ አይደል!

ሶላት ሰግጄ ስመለስ የሞተሩ ወንበር ላይ ሳንቲምና የተጣጠፉ ብሮች ተቀምጠዋል። ሰዉ የሰደቃ ሳጥኑ ጎማ አውጥቶ መጣ ያለ ይመስለኛል። የሰው አማና ነው፤ ወስጄ ለመስጊዱ አስረከብሁ። በሚቀጥለውም ገበያ እንዲሁ። በሚቀጥለውም። ልሸጥ ወጥቼ ተላላኪ ሆንሁ።

በመጨረሻ የመስጊዱ ሽማግሌ ጠሩኝ። "ያ ሰይድ፣ ሞተርህ ከሳጥናችን በለጠ። ለእኛው ለምን አትሸጥልንም? ቀለም እንኳ አያስወጣንም።"

ሞተሬን የማይፈራ ገዢ ይኸው ተገኘ። ከመስጊድ ጋር ደግሞ ዋጋ አይከራከሩም፤ የሰጡኝን ተቀበልሁ። ላም አልሞላም።

ፍየል ገዛን። ቀይ ናት፤ ደህና ትታለባለች። ጣሳው ግርጌ ጥቂት ቀለም ተርፎ ነበር። ዘሃራ ግን ብሩሹን የት እንደደበቀችው እስካሁን አልነገረችኝም።