መስኮት ዘግቶ የሚያስጎበኝ

«መስኮቱን ዝጊው አልኩሽ! ወባ ይገባል!»

«ጋሽ ደረጀ፣ ጣሊያን ወባ የለም አልኩዎት እኮ» አለች አልማዝ።

«ረግረግ ካለ ወባ አለ። ጣና ዳር ያደግኩትን ሰውዬ ስለ ወባ ታስተምሪኛለሽ?»

እናንተዬ፣ ረግረግ ላሳያችሁ ብሎ ከሮም ድረስ ነድቶ፣ ሲደርስ መስኮት የሚያስዘጋ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እግሬን እያወራጨሁ ረግረጉ አጠገብ ያለውን ሐይቅ በሰማንያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎበኘሁት። ዳሩ ላይ የቆመውን ጥንታዊ ማማ በመቶ። ፍላሚንጎ የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ስልኬን እስካወጣ ሮዝ ጭረት ሆነው አለፉ።

«አሎራ፣ እንግዲህ እነሱንም አያችሁ» አሉ ጋሽ ደረጀ፣ ማርሽ እየቀየሩ።

አልማዝ የአንዲት አሮጊት ባዳንቴ ናት፤ ቀን ከሌት እቤት ሆና ነው የምትጦራቸው። የዚህን ሳምንት የሐሙስ እረፍቷን ለወፎቹ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ያቁሙልኝ።»

«ከዚሁ ሆነሽ አይታይሽም?»

«በመስኮትማ ሳምንቱን ሙሉ አያለሁ አይደል!»

ወዲያው ለወተት የሚረቡ ለማዳ ጎሾች መንጋ መንገዱን ሞልቶ ማቋረጥ ጀመረና ጋሽ ደረጀ ሳይወዱ ቆሙ። አልማዝ ቀበቶዋን ፈታች።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ጥለንሽ ነው የምንሄደው!»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ በአውቶቡስ እመለሳለሁ» አለችና ወርዳ በሩን ዘጋችው።